መኪና መሸጫው በር ላይ የተቀመጡት ደንበኛ

በዚህ ከተማ አንዲት ሴት ዶክተር አለች። አይቷት የሚያውቅ የለም፤ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ግን ስለ እሷ ሰምቷል። መኪናዋን የምታወጣው እሁድ እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፣ ጉድጓድ ስታይ ትቆማለች፣ ዘይት በወቅቱ ትቀይራለች፣ ከዚያ ድንገት ለትምህርት ውጭ አገር ትሄድና መኪናዋን በአስቸኳይ ትሸጣለች። በሰማሁት ብቻ ከሄድን ይህች ዶክተር ከመገናኛ እስከ ሲ.ኤም.ሲ በመንገዱ ዳር ከተደረደሩት መኪናዎች ግማሾቹን ነድታለች። በሽተኛ መቼ እንደምታክም እንጃላት።

እኔ በአንድ ጋዜጣ ላይ የአንባቢያን ቅሬታ የሚወጣበትን ገጽ ለብዙ ዓመት አዘጋጅቻለሁ። ሰው ቢሮዬ መጥቶ ሲያለቅስ የምጠይቀው ወረቀት ነው። ጨካኝ ሆኜ አይደለም። ያለቀሰ ሁሉ አልተበደለም፣ የተበደለም ሁሉ አያለቅስም። ደረሰኝ ግን ያው ደረሰኝ ነው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ አላለቀሱም። ኮተቤ የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ወረቀቶቻቸውን በቀን ቅደም ተከተል አስይዘው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ ክፍል ውስጥ ጫጫታው እስኪበርድ እንደሚጠብቅ ሰው፣ እኔ አንብቤ እስክጨርስ ጠበቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው አቶ በላይነህ ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ደክሟል። ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየመጡ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ አዟል። «እነዚህ የመጀመሪያ ወራት ካለፉ በኋላ የሚመለሰው ትንሽ ነው» ብሏቸዋል። ያኔ በሲ.ኤም.ሲ በኩል ባቡር የለም፤ ያለው ታክሲ ነው። የኮተቤን ታክሲ ጠዋት ተጋፍታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ አንድ እግሩን ለማንሳት ደቂቃ የሚፈጅበትን ሰው ረዳቱ በምን ዓይን እንደሚያየው አልነግራችሁም። ስለዚህ ያላቸውን አጠራቅመው መኪና ገዙ። የዶክተሯን።

ሻጩ ሜዳ ለሜዳ አስነድቶ አሳያቸው። በማግስቱ የካ ሚካኤል ዳገት ላይ ማርሹ ከገባበት በራሱ ወጣ። መኪናዋ ወደ ኋላ ስትንሸራተት አቶ በላይነህ በደህና እጃቸው በሩን ይዘው፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ፍሬኑ ላይ ቆመው፣ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋ፣ የዚያን ቀን ሕክምና አለፈ። በኋላ ኮፈኑን ሲከፍቱ ከውጭ አገር አብሯት የመጣች የዘይት መቀየሪያ ወረቀት ተለጥፋ አገኙ። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ይበልጣል።

«ወደ አገራችን የመጣችው ወደ ኋላ እየተነዳች ነው ማለት ነው?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም።

የዋስትና ወረቀት ነበራቸው፤ ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን ማለት ነው፣ ቢበላሽ ሻጩ በራሱ ጋራዥ ሊሠራ ፈርሟል። ጋራዡ እዚያው ግቢ ከጀርባ ነው። መኪናዋ ገባች፣ ወጣች፤ ማርሹ እንደነበረ ነው፣ ደህናው ባትሪ ግን በአሮጌ ተቀይሯል። እንደገና ገባች፣ ወጣች፤ አሁን ደግሞ የተለወጠው ተጠባባቂው ጎማ ነው። በመሀሉ ስንት ሕክምና አለፈ።

እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። የሁለቱን ወገን ቃል ሳልይዝ አልጽፍም፤ ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱም ስደውል የተባልኩት ያው ነው፤ ስብሰባ ላይ ናቸው። አምስት ሠራተኛ ያለው መኪና መሸጫ በዚያ ሳምንት ከፓርላማው በላይ ተሰበሰበ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ የእኔን አሠራር አክብረው፣ በራሳቸው አሠራር ቀጠሉ። የእኛን ከተማ ልማድ ታውቁታላችሁ፤ መኪናውን ጋራዥ ያስገባ ሰው አብሮ ገብቶ ይውላል። ከሥራ ያስፈቅዳል፣ ምሳውን ያሳልፋል፣ የሚፈታውን ብሎን ሁሉ በዓይኑ ይከተላል። በሽተኛ እንኳ እንዲህ አይጠበቅም። ወይዘሮ ጥሩነሽም ነጠላቸውን አጣፍተው ዘይት የጠጣ ጎማ ላይ ተቀመጡና መካኒኮቹን ማየት ጀመሩ።

ሥራ አስኪያጁ ይህን አልወደደውም። እያዩት ማን ዕቃ ይለውጣል? ውጡ እንዳይል ደግሞ እናቱን የሚያህሉ ሴት ናቸው። በአንድ ድንጋይ ሁለት ነገር የሚመታ መላ መጣለት፤ ከቢሮው የራሱን ወንበር አንስቶ ወጣ።

«ማዘር፣ እዚህ ዘይት ይነካዎታል። ነውር ነው። ፊት ለፊት በር ላይ ጥላ አለ፣ እዚያ ይረፉ።»

«እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ» ብለው ተነሱ። በር ላይ ተቀመጡ። ሻይም መጣላቸው።

በማግስቱ የስብሰባውን መጨረሻ ለማየት ብሄድ ወይዘሮ ጥሩነሽን በር ላይ አገኘኋቸውና አጠገባቸው ቆምኩ። ሁለት አዲስ ተጋቢ የሚመስሉ ወጣቶች ገቡ። ልጅቷ እንዲህ ያሉ እናት አይታ ዝም ብላ ማለፍ አልሆነላትም።

«እንደምን ዋሉ እማማ? የእርስዎ ነው ቤቱ?»

«አይ ልጄ፣ እኔም እንዳንቺው ደንበኛ ነኝ። መኪናዬን ለሦስተኛ ጊዜ እያሠራሁ ነው።»

«ለሦስተኛ?» አለ ባልየው። «መቼ ነው የገዙት?»

«ባለፈው ወር።»

ልጅቷ ባሏን አየችው። «ሰዎቹ እንዴት ናቸው ግን?»

«በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። «ወንበሩንም የሰጡኝ እነሱ ናቸው።»

ወጣቶቹ አመስግነው፣ ሰዓታቸውን አይተው፣ ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ በመስታወቱ ውስጥ ያያል። ምን ያድርግ? ወንበሩን እንዳይነሳቸው ራሱ ነው የሰጣቸው። ይሉኝታ እንደሆነ የሰጠውን አያስመልስም። ቀጥሎ የመጣው ደንበኛም ጨዋ ሰው ነበርና ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። የሚቀጥለውም። እሳቸው እንደ አስተማሪ ለተጠየቁት ብቻ ይመልሳሉ፤ የዘይት መቀየሪያዋን ወረቀት ልይ ያለ ካለም ያሳያሉ።

በሳምንቱ መጨረሻ ያ ከስብሰባ የማይወጣው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ቢሮዬ መጣ። ላቡን ይጠርጋል። ደክሞታል፤ እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ።

«ጋሼ፣ ቅሬታ አለኝ። ይጻፉልኝ» አለ።

«በማን ላይ?»

«በእማማ ጥሩነሽ። ንግዴን ዘጉብኝ እኮ! ሰው በር ላይ እየደረሰ ይመለሳል።»

ወረቀት አወጣሁ። «የተናገሩት ውሸት አለ?»

«የለም! ችግሩ እሱ ነው እንጂ! ቢዋሹማ እከሳቸው ነበር።»

«ስማቸውን አጥፍተዋል?»

«ኧረ ጭራሽ፤ ያመሰግኑኛል!» አለና ራሱን ያዘ። «ካምቢዮውን ትናንት አውርጄ፣ ሽያጭ ላይ ካለችው ደህና መኪና አውጥቼ ገጠምኩላቸው። ባትሪውንም ጎማውንም መለስኩ። ወስደዋል። ግን ዛሬም ሰው አልመጣም።»

ቃሉን በሙሉ ጻፍኩ፤ አስፈረምኩት። ቅሬታ ቅሬታ ነው፤ ደግሞ ሕጌን ለእሱ ስል አልሰብርም፣ የሌላውን ወገን ቃል ሳልይዝ አይወጣም። እሱ እያየ ወደ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሞባይል ደወልኩ። ያነሳው ወንድ ነው። ድምፁ ቀስ ይላል፤ ቃላቱን አንድ በአንድ የሚመርጥ ይመስላል።

«እሷ... እየነዳች ነው» አሉ አቶ በላይነህ። «የካ ሚካኤል... ዳገቱ ላይ ነን።»

ስለ ቀረበባቸው ቅሬታ መልስ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ከጎን የወይዘሮ ጥሩነሽ ድምፅ ተሰማ፤ አቶ በላይነህ አዳመጡና አደረሱልኝ።

«ሐኪሙ... ይጠብቀናል። መልሱን... ስንመለስ። እስከዚያ... ስብሰባ ላይ ናት በላቸው፣ ብላለች።»