የሸጊት ክርስትና

«አባቴ ዋሽቶ አያውቅም» የምትል ሴት ልጅ ካጋጠመቻችሁ፣ አባቷን አታውቀውም ማለት ነው! የኔው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲዋሽ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ያውም በጣሊያን ጊዜ፣ ያውም ጠመንጃ ፊት! ምን ላድርግ... እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነበር። አባዬ ሸጊት የምትባል በቅሎ ነበረችው። ይወዳታል ብል አነሰ፤ እኛ ልጆቹ ስናስነጥስ ዝም፣ እሷ ስታስነጥስ «ይማርሽ!» ነው።

አንድ ቀን ጣሊያን ጭነት የሚሸከሙለት በቅሎዎች እየለቀመ ወደኛ መንደር መጣ ተባለ። በቅሎ የደበቀ ደግሞ ታስሮ ይገረፋል። አባዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሸጊትን እየጎተተ ቤት አስገባና መደቡ አጠገብ አቁሞ መጋረጃ ጋረደባት!

«አንተ ሰው፣ አበድክ?» አለች እናቴ።

«ዝም ብለሽ ተኚ! ምጥ ይዞሻል።»

«እርጉዝ ሳልሆን?!»

ወዲያው አንድ ፈረንጅ ሹምና ያገራችን ሰው የሆነ አስተርጓሚው ከተፍ አሉ። አባዬ በሩ ላይ ተገተረ።

«አያ ቢረሳው፣ ቤቱ ይፈተሻል» አለ አስተርጓሚው።

«ምጥ ላይ ናት! ወንድ አይገባም!»

እናቴ ከውስጥ «ወይኔ ማርያም!» ስትል ሸጊት ተከትላ «ፎርርርር!» አለች። ፈረንጁ ደንግጦ አስተርጓሚውን ጠየቀው።

«ምን ድምፅ ነው ይላል።»

«ጠንከር ያለ ምጥ ነዋ፣ ጌታዬ!»

እናንተዬ፣ የኛን አገር ታውቁ የለ? ምጥ ከተባለ ሴቱ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ቀድማ ደረሰችና አባዬን ገፍትራ ገባች። አሁን «በቅሎ!» ብላ ብትጮህስ? እሷ ግን ከመጋረጃው ጀርባ እልልታውን አቀለጠችው!

«ተገላገለች!»

ፈረንጁ ልጅ ወዳድ ኖሮ ባርኔጣውን አውልቆ ሳቀ።

«ክርስትናው ላይ እመጣለሁ ይላል። ወንድ ነው ሴት?» አለ አስተርጓሚው።

አባዬ በሆዱ አሰላ። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳ።

«ሴት!»

«ቁርጥ አባቷን!» አለች እትዬ ጥሩ ከውስጥ።

ከዚያማ መንደሩ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ጎረፈ፤ ምስጢሩን እያወቀ ገንፎውን ይበላል! እናቴ ቅቤዋ ሲያልቅ አባዬን ልታንቀው ምንም አልቀራት።

ሰማንያው ግን መድረሱ አይቀርም፤ ልጅ ከየት ይምጣ? አባዬ መላው ጠፋው። ጥቂት ቀን ሲቀረው ሸጊትን ጫነና ዱር ቤቴ ብሎ ከአርበኞቹ ተቀላቀለ። ሲሄድ ግንባሬን ስሞ «እናትሽን አደራ» አለኝ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ዳግመኛ የማየው አልመሰለኝም ነበር።

በቀኑ ሁለቱ ሰዎች ከች አሉ።

«ሕፃኗስ?» አለ አስተርጓሚው።

«አባቷ እናቱ ዘንድ ወስዷታል። ክርስትናዋ እዚያው ነው» አለች እናቴ።

«ጡት ሳትተው?»

«ምን ችግር አለ፣ ገብስ ጀምራለች!»

አስተርጓሚው እናቴን አያት። ቀጥሎ መጋረጃው ሥር የቀረውን ፋንድያ አየ። ሳቁን እንደምንም ውጦ ለፈረንጁ የሆነ ነገር ነገረው። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ብቻ ፈረንጁ በአዘኔታ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ጣሊያን ሲወጣ አባዬ በሕይወት ተመለሰ። ከስቶ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ... እኔ እያለቀስኩ ሮጥኩ። ከሸጊት ወርዶ እቅፍ ሲያደርገኝ የሱም ዓይን እንባ አቅርሯል። አሁን «ልጄ፣ እንዴት ናፍቀሽኛል» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ልጓሙን አስጨበጠኝና ምን አለ መሰላችሁ?

«በይ ቶሎ፣ እህትሽን ውኃ አጠጫት!»