የሁላችንም ልብ በአቶ ዓምደሚካኤል ስልክ ላይ

የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን የሌለው መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ የሰውን ጤና ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ ሠራተኛ የሌለው ግን አላጋጠመኝም። ለእኛ ለሶዶዎቹ የደረሱን ክቡር አቶ ዓምደሚካኤል ናቸው፤ በደብዳቤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በራሳቸው ሹመት የልብ ትርታ ኮሚሽነር።

ልጃቸው የልብ ምትና እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ከላከችላቸው ወዲህ ቢሮአችን ውስጥ «እንዴት አደርክ» ቀርቷል። «ክንድህን አምጣ!» ነው። ሰዓቱን ከራሳቸው ፈትተው ያስሩብሃል፣ ቁጥሩን ለኮሪደሩ ሁሉ ያውጃሉ፣ ከዚያም ስልካቸው ላይ ወዳለው የሰዓቱ መዝገብ ከነስምህ ያስገቡሃል። ደህና ከሆንክ በአገራችን ቋንቋ «ሎኦ!»፣ «መልካም!» ብለው ይመርቁሃል። ፈቃድ? ምን ያለ ቅንጦት! «ካልሰረቅክ ልብህ ምን ምስጢር አለው?» ይላሉ።

የግዥው እስራኤል ብቅ ባለ ቁጥር የባልደረባችን የአሳየሽ ልብ መቶ እንደሚገባ ያወቅነው ከእሳቸው ነው። ምስኪን፣ ሳምንቱን ሙሉ በጓሮ በር ገባች። ሥጋ ቤት እንኳ የሚለበልበው ዳጣ ሳይቀርብ አንዴ፣ ከቀረበ በኋላ አንዴ እንለካለን።

እኔን ባለፈው ወር ቁጭ ባልኩበት መቶ ሃያ ስምንት አገኙብኝ። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ኦቶና ሆስፒታል ሄደህ ታይ!» አሉ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማ። ለቡድን መሪነት ልወዳደር ማመልከቻ ያስገባሁት በዚያው ሳምንት ነበር። አፋቸውን ብሰፋው ደስ ባለኝ!

የፈራሁት አልቀረም። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወይዘሮ ሳህሊቱ ወሬው ደርሷቸው መጡ።

«አቶ ዓምደሚካኤል፣ ያን መዝገብ ያሳዩኝ። ልቡ የደከመ ሰው ቡድን መሪ አድርገን እንዳንመድብ።»

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

አቶ ዓምደሚካኤል መነጽራቸውን አስተካክለው ስልካቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ውይ! ሁሉም ጠፋ! ይሄ የሰው አገር ዕቃ!»

ወይዘሮዋ ተበሳጭተው ወጡ። ስልኩን አየሁት። የጠፋው የእኛ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጠዋት እየተነበበ ያሰለቸን የራሳቸው የዓመት እርምጃ፣ የዳሞታን ተራራ የወጡበት ሳይቀር፣ ዜሮ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ሆን ብለው ነው?»

«ማውራቱን አወራለሁ» አሉ ቆጣ ብለው፣ «በሰው እንጀራ ግን አልገባም። ተነስ፣ ኦቶና እንሂድ።»

በእግር ወሰዱኝ። መንገዱን ሙሉ «ሦስት መቶ አራት፣ ሦስት መቶ አምስት» እያሉ እንደ አዲስ ቆጠሩ። ሆስፒታሉ በር ላይ «ክንድህን አምጣ» አሉኝ፤ ሳልከራከር ሰጠኋቸው። ቁጥሩን አዩት፣ ግራ ቀኙን ቃኙ፣ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ።

ስንት እንደሆነ እናንተም አትጠይቁኝ።