ለፈንታሌ በር የገዛነው ጥቁር በሬ

እህቶቼ፣ ዛሬ ከማኅበር የቀረሁት አሞኝ አይደለም። አፍሬ ነው!

ሸዋ በር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ያገር ሰው እያየኝ የሆንኩትን ብትሰሙ «ይቺ ሴትዮ ጤናዋን ነው?» ትላላችሁ።

ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔ ስሙት ብዬ ነው በዚህ ዶሮ የጫረው በመሰለ ፊደሌ የጻፍኩት። ስታነቡት አትሳቁ። በፊደሉ ማለቴ ነው፤ በነገሩስ መሳቃችሁ አይቀርም።

የተጀመረው በፋሲካ ነው።

የልጄ የአስካለ ባል፣ ዘለቀ፣ ጥሩ ልጅ ነው። ጠጅ ሲቀምስ ግን አንደበቱ ከራሱ ይቀድማል። ሽማግሌዎቹ ፊት ብርሌውን አንሥቶ፣ «እማማንና አስካለን ወስጄ ፈንታሌን አሳያለሁ! የሚጤሰውን ተራራ!» አለ።

ፈንታሌን! ከአዋሽ ወዲያ ያለውን፣ ሆዱ እሳት ነው የሚባለውን!

እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ በእግር ወደ እሳቱ። አስካለ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያዋ!

እኔስ ምን አልኩ? «አይሆንም» አልኩ?

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ምን ደስ ይላል!» አልኩ።

አማች ሽማግሌ ፊት የሰጠውን ቃል አማት አፍርሳ የት ትገባለች? እናንተስ ብትሆኑ?

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልኝ አለ። አስካለ ከበቅሎ ስትወድቅ ይታየኛል። ተራራው አፉን ከፍቶ ሲውጣት ይታየኛል። ላስቀራት ብዬ መላ ፈለግሁ።

መላዬ ምን መሰላችሁ? የመግቢያ ክፍያ!

«ልጄ» አልኩት፣ «ለካ ፈንታሌ በር አለው። በረኛው ሳይከፈለው አያስገባም አሉ። ከዚያ የመጡ ነጋዴዎች ነገሩኝ።»

ነጋዴ የለም። በር የለም። በረኛ የለም። ሁሉንም የፈጠርኩት እኔው ነኝ!

ያመነኝ ለምን መሰላችሁ? እኛ የሐረር ሰዎች ነና! ያለ በር የሚገባበት አገር መቼ አይተን? ከጀጎል ግንብ ስንወጣ ቀረጥ፣ ስንገባ ቀረጥ። ተራራ በረኛ አለው ቢሉን «ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ነው የምንለው እንጂ «ውሸት ነው» አንልም።

መጀመሪያ «የሚቀበለው አሞሌ ጨው ነው» አልኩት።

«ይሁን እማማ!»

ወደ ፍየል ከፍ አደረግሁት።

«ፍየል ምን አላት እማማ! ለእርስዎ!» አለ። ፊቱ ግን ገርጣ አለብኝ። ተስፋ አደረግሁ።

በሬ አልኩ። ያውም ጥቁር፣ አንዲት ነጭ ነጥብ የሌለበት! ከየት አባቱ ያገኘዋል ብዬ እኮ ነው።

አገኘው! ሐኪም ከሚባለው ተራራ ገበሬዎች ገዝቶ እየጎተተ መጥቶ ግቢዬ አሰረው።

ጎረቤቴ አዴ ሚስኪ በአጥር አየችና፣ «ወላሂ፣ እኛ ወሊ ልንዘይር፣ የቅዱሱን መቃብር ልንሳለም ስንሄድ እንኳ ጫት ነው የምንይዘው። ይሄ ያንቺ ተራራ ምን ሆዳም ነው!» አለች።

እውነቱን ሹክ አልኳት።

«ታዲያ ለልጁ ንገሪው!»

«አፍራለሁ።»

«እንግዲያው በሬሽን ይዘሽ እሳት ግቢ!» ብላኝ ሄደች።

እና ዛሬ ጠዋት ወጣን። አስካለ በቅሎ ላይ፣ ዘለቀ በሬውን እየጎተተ፣ እኔ ከኋላ እየጸለይኩ። ሸዋ በር ስንደርስ የኬላው ዘበኛ በሬውን አየ።

«ለሽያጭ ነው። ቀረጥ!»

«ለሽያጭ አይደለም» አለ ዘለቀ። «ለፈንታሌ በር መግቢያ ነው።»

«ለምን?»

«ለፈንታሌ በር!»

ዘበኛው ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ሌላውን ጠራ። ጫት ሻጩም ጎመን ሻጯም ከበቡን።

«ፈንታሌ በር አለው ያለው ማነው?»

«እማማ ናቸው።»

ያ ሁሉ ዓይን ወደ እኔ!

ዘበኛው ጠመንጃውን ተደግፎ፣ «መልካም፣ እሜቴ። እውነት ከሆነ ይማሉ። ንጉሥ ይሙት ይበሉና ይለፉ» አለኝ።

ንጉሥ ይሙት! በሐሰት ንጉሥ ይሙት ያለ ሰው ጀርባው ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ።

«ንጉ...» አልኩ። አልወጣ አለኝ። በሬው እንኳ ዞሮ አየኝ!

አስካለን ቀና ብዬ አየኋት። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ከማልሁ በሩ ይከፈትላታል። ከተከፈተ ትሄዳለች።

«የለም!» ብዬ ጮኽኩ። «በርም የለ፣ በረኛም የለ! እኔ ነኝ የፈጠርኩት! ልጄን እሳት እንዳይበላብኝ ፈርቼ ነው!»



ሰዉ ሁሉ በሳቅ! ጫት ሻጩ ሆዱን ይዞ፣ «እሜቴ፣ በረኛው እርስዎ ከሆኑማ እኛን በነጻ ያስገቡን!» ይላል።

ዘለቀ አልሳቀም። የበሬውን ገመድ ለቀቀና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ተቀየመ ብዬ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

«እማማ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ።»

ምን?

«ያን ቀን የተናገረው ጠጁ ነው። እርስዎ ደስ ሲልዎት ጊዜ እንዴት ልመለስ? በሬ ሲሉኝ እኮ "ግድ የለም፣ ይቅር" እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነበር። እኔ እሳት እፈራለሁ!»

አስካለ ከበቅሎዋ ላይ፣ «እኔ ደግሞ ሁለታችሁ ስለጓጓችሁ ብዬ! ወገቤ ተቆረጠ፣ አውርዱኝ!» አለች።

ሰማችሁ? ከሦስታችን አንዳችንም መሄድ አልፈለግንም! ዕድሉን ያገኘው በሬው ብቻ ነው፤ ገመዱ ሲለቀቅለት የጎመን ሻጯን ጎመን ጠራርጎ በላ። እሱንም ከፈልን።

ዘበኛው ቀረጡን ተወልን፤ እንባው እስኪፈስ ስቆ። እኔ ግን ከእንግዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር «የፈንታሌ በረኛ መጡ!» መባሌ ነው። በሌላው፣ በኤረር በር ልዙር ይሆን?

ይበሉኝ። ቤቴ ገብቼ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ፤ ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። በሬው ለሚወለደው ልጅ ክርስትና ይቆያል። ሁላችሁም ተጠርታችኋል፤ መግቢያ አይከፈልም!

አስካለ ይኸው ጓዳ ተኝታ ታንኮራፋለች። የሚያጓራ ተራራ ይህ ብቻ ይሁንልኝ።

እስቲ ግን ፍረዱኝ፤ «ፈራሁ» ማለት ከጥቁር በሬ ይወደድ ነበር?