የሌሊት ወፍ ያላለፈችበት ሙሽራ

የእኛ የጋይንት ሰው ሲታመም ከመድኃኒቱ በፊት የሚፈልገው ጥፋተኛውን ነው። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ጥፋተኛዋ የሌሊት ወፍ ናት፤ በላዩ በርራበታለች፣ አለቀ። ስሙም የወፍ በሽታ። ምስኪን፣ ጠበቃ እንኳ የላት!

ልጄ እናኑ በተክሊል ልታገባ ነውና የንስሐ አባታችን እንደ ደንቡ፣ «ደማችሁን ተመርምራችሁ ኑ» አሏቸው። ንፋስ መውጫ ከተማ ሄዱ። የእሷ ንጹሕ ሆነ፤ በእጮኛዋ በደሴ ደም ውስጥ ግን የጉበት ቫይረስ ተገኘ።

ባለቤቴ ብድግ አለ። «የወፍ በሽተኛ ለልጄ? ሰርጉ ቀርቷል!»

የደሴ አባት ደግሞ የተሰደቡ ያህል፣ «የኔ ቤት ቆርቆሮ ነው! ወፍ በየት በኩል ትገባለች?» ብለው ጣራቸውን ሊያስጎበኙን ተነሡ። ደሴ ዓይኑ እንደ ወተት የነጣ፣ ጤና የሞላው ጎረምሳ፣ መሐል ቆሞ ያየናል። ልጄ ታለቅሳለች። እናት ምን ታድርግ? ሁሉንም ሚኒባስ ላይ ጫንኋቸውና ወደ መረመረቻቸው ሐኪም።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የመነኩሴ። «አባቴ፣ ወፏን ይተዋት» አለችው ባለቤቴን። ቫይረሱ የሚሻገረው በደም ነው፦ ዋግምት ሲታገሙ፣ እንጥል ሲያስቆርጡ፣ አንዱ ምላጭ ለሁሉም ሲዞር፤ በባልና ሚስት ግንኙነት፤ በወሊድም ከእናት ወደ ልጅ። አብሮ በመብላት አይደለም። ከገባ ጉበት ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጣል፣ ለዓመታት ኮሽ አይልም፤ የሚያጋልጠው የደም ምርመራ ነው። ደሴ ጉበቱን እየታየ ይኖራል፤ ካስፈለገው ቫይረሱን የሚያደክም፣ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለ። እናኑ የቫይረሱን መከላከያ ክትባት ተከትባ ትጨርስ፣ ከዚያ ዳሯቸው።

«ቫይረስ ያለበት ሰው ቤቴ አይገባም!» አለ ባለቤቴ።

ሐኪሟ አልተከራከረችውም። «እዚህ ድረስ ከመጣችሁ እናንተም ተመርመሩ» ብላ ጣታችንን ወጋ ወጋ አደረገች። የባለቤቴ ንጹሕ። የእኔ አለበት።

እኔ! ከእናቴ ይሁን ከልጅነት ምላጭ፣ እሱ ፈጣሪ ያውቃል። ከዚህ ሰውዬ ጋር ሳረጅ ለአንድ ቀን አልጋ ይዤ አላውቅም። መጀመሪያ ደነገጥሁ። ኋላ እናኑን አየኋትና ስወልዳት ወደ እሷ፣ አብረን ስንኖር ወደ ባለቤቴ እንዳይሻገር የጠበቀልኝን አምላክ አመሰገንሁ። ቀጥሎ ሳቄ መጣ።

«እንግዲህ እኔስ ወዴት ልሂድልህ?» አልሁት።

ባለቤቴ ወደ ደሴ አባት ዞረና፣

«ለመሆኑ ስንት ሚዜ ነው ይዛችሁ የምትመጡ?»