የሐጃ ታንከርና አራቱ መብራቶች

ወገኖቼ፣ የዛሬውን ጉዴን ስትሰሙ፣ ሱቄን ዘግቼ ሪራ ጫካ ገብቼ ማር ብቆርጥ አትፈርዱብኝም።

እንደምታውቁት ሮቤ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። ከሱቄ ጀርባ ሐጃ ዘይነባ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። የጣሪያቸው ታንከር ሲሞላ ፓምፑ በራሱ እንዲጠፋ ፈለጉ፤ ባለፈው ሞልቶ ፈስሶ የእንግዳ ፍራሽ አርሷል። ለኔ ከስልክ ውጪ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው!

ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ገጠምኩ። አንዱ ታንከሩ ጋ፣ አንዱ ፓምፑ ጋ። በሽቦ ይነጋገራሉ። ያኛው "ሞልቷል" ይላል፣ ይኼኛው "እሺ" ብሎ ፓምፑን ያጠፋል።

አልተነጋገሩም።

"እስከ ዙህር ሶላት ካልሠራ የጎባውን ጠጋኝ ልጅ እጠራለሁ" አሉ ሐጃ።

የጎባ ልጅ! ሮቤ መጥቶ! እኔ እያለሁ!

ሽቦ ቀየርኩ። ፕሮግራሙን እንደገና ጫንኩ። ብርዱን ወቀስኩ። መጨረሻ ላይ የጣሪያውን ቦርድ ከነተንሳፋፊ የውሃ መለኪያው አወረድኩና ሁለቱንም ፓምፑ አጠገብ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በየቦርዱ ሁለት ሁለት ትንንሽ የኤልኢዲ መብራት አሰርኩ፤ አንዱ ሲልክ የሚበራ፣ አንዱ ሲቀበል የሚበራ።

ሐጃ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ..."

"ቆይ ሐጃ፣ ቴክኒካል ነው።"

ሦስት ጊዜ። አዎ፣ ሦስት ጊዜ እንደዛ አልኳቸው።

ከዚያ ፊቴን ኮስተር አድርጌ ፍርዴን ሰጠሁ። "ቦርዱ ተቃጥሏል። ሌላ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት።"

"እሺ። ግን የሚናገርበት መብራት የትኛው ነው?"

ማስረዳት ደስ ይለኛል። "ይሄ አፉ ነው፣ ይሄ ጆሮው ነው" አልኳቸው፣ እንደ ኬጂ አስተማሪ።

"አፎቹ ሁለቱም ይበራሉ" አሉ። "ጆሮዎቹ አንዳቸውም አልበሩም። አፍን ከአፍ ነው እንዴ ያሰርሽው?"

ሽቦውን አየሁት።

አፍን ከአፍ ነው ያሰርኩት።

ኮሌጅ ስንገባ መጀመሪያ የተማርነው የአንዱን አፍ ከሌላው ጆሮ ማገናኘት ነበር። ላልገባቸው የክፍል ልጆች ያስረዳሁት ማን ይመስላችኋል?

ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየርኩ። አራቱም መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ታንከሩ የሞላ ይመስል የውሃ መለኪያውን በእጄ ከፍ ሳደርገው የሚሠራው ፓምፕ ቀጥ ብሎ ቆመ። አዛን ገና አልተባለም ነበር።

ሥራው ለጎባው ልጅ ሳይሄድ በእጄ ቀረ። ሐጃ "ማሻአላህ" ብለው ተነሱ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ "ቅድም ሦስቴ ልጠይቅሽ የነበረው ይኼንኑ ነው" አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ለቦርዱስ የጆሮ መብራት ገጠምኩለት። ለኔ የት ይገጠምልኝ? የምታውቁ ኮመንት ላይ ንገሩኝ፣ ዛሬ እሰማለሁ።

የጎባው ልጅ ግን አይመልስ።