ደላንታም የሚሞቀው ትምህርት

በ1999 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያጠኑትን ለወላጆቻቸው ማስረዳት የማይሆንላቸው ልጆች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? ፈጣሪ ይመስገን፣ አንዷን እኔ ወልጃለሁ። ልጄ እመቤት ፊዚክስ ጨርሳ ለሁለተኛ ዲግሪ ተጠራች። አባቷ ግን «እዚሁ አጠገባችን ግራና ከተማ አስተምሪ፤ ይበቃሻል» አለ። እኔ እንድትሄድ ብፈልግም አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። እሱም እንዲመክሯት ጎረቤታችንን ጋሼ ሰይድን አስጠራ።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የምታጠኚው?» አሏት።

ልጄ ጋቢዬን አጣጥፋ ፊታቸው አስቀመጠች። «እንዲህ በንብርብር የተሠሩ ነገሮች አሉ። በእጥፉ መሀል የሌላ ነገር አተም ስናስገባና በጣም ስናቀዘቅዛቸው ኤሌክትሪክ ምንም ሳይባክን ያልፍባቸዋል።»

«ብርድ ካስፈለገው ለእኛ ለሞቃቷ መርሳ አይሆንማ! ደላንታ ይውሰዱት» አለ አባቷ።

«ለእሱ ደላንታም ይሞቀዋል፣ አባዬ።»

ከደላንታ የባሰ ብርድ መኖሩን ስሰማ አማተብኩ። ጋሼ ሰይድ ግን የመሬት ክርክር እንደያዘ ዳኛ እጥፉን ገልጠው አዩ፤ መልሰው አጠፉት።

«ባዕድ መሀል ገብቶ ጭራሽ መንገዱ ይቀናል ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ወላሂ፣ ይቺ ልጅ የምታጠናው ወሎን ነው!» ብለው ወደ ባሌ ዞሩ። «አንተስ ከጎጃም መጥተህ መሀላችን የገባህ አይደለህ? ምን ጎደለብን? ልቀቃት!»

ባሌ ሳቁ አመለጠው። «እሺ፣ አንቱ ካሉ ትሂድ» አለ።

በማግስቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳለምኩ፤ ዳቦ ቆሎዋን ቋጥሬም መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ እንደወጣ በቀጥታ ጋሼ ሰይድ ቤት ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ።