በስሕተት ስለ ጸደቀው የፍሳሽ ቧንቧ

በዘመነ ስሪት ዐሥራ ሰባት፣ አሮጌው ሰርቨር በተቃጠለ በሦስተኛው ዓመት፣ ሊፍቱ በቆመ በዘጠነኛው ቀን፣ በዕለተ ዓርብ፣ መርማሪተ ሞዴል፣ ከሣቲተ ግጭት፣ ወዓቃቢተ ቢም የሆነችው ዓይነ ሹሏ፣ አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ከአምስት ጎማዎቹ ሁለቱ በከዱት ወንበረ ሥልጣኗ ላይ ተቀመጠች።

የሥልጣኗም ነገር እንዲህ ነው፤ የመዋቅሩ መሐንዲስና የቧንቧው ነዳፊ የአንዱን የሕፃናት ክሊኒክ ንድፍ በየፊናቸው በኮምፒውተር ይሠራሉ፣ በታደሰም ቁጥር «ስሪት» ብለው ይቆጥሩታል፤ እርሷም ሁለቱን ደራርባ፣ አንዱ በሌላው ሆድ የገባበትን፣ ቀይ የሚበራውን ግጭት ሁሉ ታድናለች። የምር ግጭት ይታረማል፤ የማይጎዳው ግን «ጸድቋል» የሚለውን ቁልፍ ስትነካው ከዝርዝሩ ይወጣል።

አብረዋት የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፤ በቀኟ ጣት የሰለቸው ማውስ፣ በግራዋ እጀታ የሌለው ኩባያ፣ ከኋላዋ ወረቀት ማኘክ የለመደ ማተሚያ። በማለዳም አለቃው በመሥሪያ ቤቱ የስልክ ቡድን ላይ እንዲህ ሲል አስነግሮ ነበር፦

«አዋጅ! ቀዩ ዝርዝር እስከ ስድስት ሰዓት ዜሮ ከሆነ ዓይነ ሹሏን የሞዴል ኃላፊ አድርጌ እሾማታለሁ። ነገ ጠዋት ኮንክሪት ይሞላል፤ ሰበብ አልሰማም።»

እናቷም ይህን ሰምታ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ተሾመች» ብላ አስቀድማ ነዝታው ነበርና፣ ወደ ኋላ ማለት የሚታሰብ አልነበረም።

ወእምዝ ዘመተች። በርን ከግድግዳ ገላገለች፣ የአየር ቱቦን ከመብራት አፋታች፣ ደረጃ ላይ የበቀለ ሶኬት ነቀለች። በአምስት ሰዓትም ዝርዝሩ ዜሮ ሆነ። የቧንቧው ነዳፊ፣ ውኃ ልክ የሚሉት (ስሙ ብቻ ነው እንጂ ልክስ የለውም)፣ ቆሞ አጨበጨበላት።

እርሷ ግን ጭብጨባውን ትታ የጸደቁትን መዝገብ ከፈተች። ባለፈው ሐሙስ፣ ዝናብ ሳይቀድማት ለመውጣት ብላ፣ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ግጭት «ያው ቧንቧ የገዛ መጠቅለያውን ሲነካ ነው» በማለት በአንዲት ጠቅታ አጽድቃ ነበር። ከመካከላቸው ሦስት መቶ ስምንተኛው፣ ከጻድቃን ጋር ተደባልቆ የገባ ኃጥእ፣ ከደረጃው በላይ ያለውን ትልቁን ቢም፣ ፎቁን የሚሸከመውን የኮንክሪት አግዳሚ፣ በወገቡ በስቶ የሚያልፍ የፍሳሽ ቧንቧ ሆኖ ተገኘ። ወይ ነዶ!

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ነገር ግን ቢሙ ነገ ከተሞላ፣ ቧንቧ ገጣሚው በመዶሻ ፈልፍሎ ማሳለፉ አይቀርም፤ ከሥሩም እናቶች ልጅ አቅፈው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጀግናችን አራት ደቂቃ ሙሉ የኃላፊውን ወንበር አሰበች፤ አምስቱም ጎማ ነበረው። ከዚያም እንዲህ ስትል አስነገረች፦

«አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከደረጃው በላይ ያለውን ቢም ቧንቧ በስቶታል። ያጸደቅኩት እኔው ነኝ፤ ሳላይ፣ ዝናብ ፈርቼ። ጋሼ፣ ዝርዝሩ ዜሮ አይደለም፣ አንድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!»

ከስሪት ዘጠኝ ጀምሮ ውኃ ልክን ያኮረፈው የመዋቅሩ መሐንዲስ ወንበሩን እየጎተተ ሄዶ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ቧንቧውንም አርባ ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረጉት። ነገሩ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። በስድስት ሰዓትም የአለቃው ቃል ወጣ፦

«አዋጅ! ሹመቱ ወደ ስሪት ዐሥራ ስምንት ተላልፏል። ከእንግዲህ በጅምላ ማጽደቅ ክልክል ነው። ቢሙ ደኅና ነው፤ ኮንክሪቱ ይሞላ።»

እናቷም ይህ በተነገራት ጊዜ፣ ስሪት ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ከኃላፊ የሚበልጥ ማዕረግ ነው ብላ ለጎረቤቱ አወጀች።

እነሆ፣ በሦስት ጎማ የዘመተች፣ ከቀይ ያልሸሸች፣ ጥፋቷን በገዛ አፏ ያስነገረች ዓይነ ሹሏ፣ ምስጋናዋ ከፎቅ ወደ ፎቅ ይውጣ፤ ሊፍት ባይኖርም በደረጃው ይውጣ። ቧንቧው ከጻድቃን መዝገብ ተፋቀ፤ በምትኩ እርሷ ጸደቀች።